ኳስ ተጫዋች የውሃ ቦርድ ውስጥ ምን ይሠራል?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በአንድ የክልል ከተማ ለዓመታት ኳስ የተጫወተ፣ አሁን ደግሞ ስፖርት የሚያስተምር ወጣት ነው። በቅርቡ የከተማው የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት የቦርድ አባል ሆኖ ተመድቧል። «ኳስ ተጫዋች ስለ ውሃ ምን ያውቃል?» የሚለው ሰው በዝቶበታል። «ድሮ አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል አምበል የነበረ ሰው፣ በኋላ ባለሥልጣን ሆኖ የከተማውን ውሃ አስተካከለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ እንዴት አደረገው? እኔስ ከየት ልጀምር?» ይላል።

ወንድሜ፣ እውነት ነው። ሰውየው ቫንስ ማኮርሚክ ይባላል። የዬል ዩኒቨርሲቲ አምበል ነበር። በ29 ዓመቱ የሃሪስበርግ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። ሃሪስበርግ የፔንሲልቬኒያ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ከተማዋ ከወንዝ እየቀዳች እንዳለ የምታጠጣውን ውሃ ማጣራት የጀመረችው በዚያ ሰሞን በተጀመረው ሥራ ነው። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ እንጀራዬም ውሃ ማጣራት ነው። ሃሪስበርግ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነች ደጋግሜ ሄጄ አይቻታለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፤ ምክንያቱም ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ነው የሚነገረው። «ስፖርተኛ ስለነበረ ወኔ ነበረው፣ ወኔ ስለነበረው ከተማውን ለወጠ» ይባላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ከኳሱ ልጀምር፣ ለአንተ የሚቀርብህ እሱ ነውና። እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም፤ በእጅ የሚያዘው የአሜሪካ ፉትቦል ነው። በ1892 ማኮርሚክ አምበል የሆነበት የዬል ቡድን 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ። በድምሩ 435 ነጥብ አስቆጠረ። የተቆጠረበት ስንት ይመስልሃል? ዜሮ። አንድም ነጥብ አልገባበትም።

ጨዋታው ግን ዛሬ በቴሌቪዥን ከምታየው በጣም ይለያል። ራስ ላይ የሚደረግ መከላከያ የለም። በሦስት ሙከራ አምስት ያርድ ካልተገፋ ኳሷ ለተጋጣሚ ትሄዳለች። ኳሷን ወደፊት መወርወር ክልክል ነው፤ ያ የተፈቀደው በ1906 ነው። ስለዚህ ጨዋታው በአብዛኛው ሰውን በሰው መግፋት ነበር። ማኮርሚክ ኳርተርባክ ነው። ዛሬ ኳርተርባክ ሲባል የቡድኑ ኮከብ ነው፣ ይወረውራል፣ ይሮጣል። ያኔ ግን ኳሷን ከመሀል ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ተጫዋች ይዟት ወደፊት መሮጥ አይፈቀድለትም ነበር። ሥራው ተቀብሎ በትክክለኛው ሰዓት ለትክክለኛው ሰው ማቀበል ነው። ይህን ነጥብ ያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የዚያ ዓመት ትልቁ ጨዋታ ከሃርቫርድ ጋር ነበር። ቀኑ ኖቬምበር 19፣ ቦታው ማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ። ሃርቫርዶች ማንም አይቶት የማያውቅ ዘዴ ይዘው መጡ። ዘዴውን የነደፈው ሎሪን ዴላንድ የሚባል፣ ራሱ ፉትቦል ተጫውቶ የማያውቅ ሰው ነው። ተጫዋቾቹ ሁለት ቦታ ተከፍለው ከኋላ ርቀው ቆሙ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ከሁለቱም ጎን ሙሉ ፍጥነታቸውን ይዘው ወደ መሀል ሮጡ፣ ኳሷ ጋ ሲደርሱ ተገጣጥመው እንደ ሽብልቅ ሾጣጣ ሆኑና የዬልን መስመር በአንድ ቦታ በረገዱት። ኳሷን ያስጀመረው የሃርቫርድ አምበል በርናርድ ትራፎርድ ነው። ይህ ዘዴ «በራሪ ሽብልቅ» ተብሎ ታወቀ፤ ብዙ ሰው ስለጎዳ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በሕግ ታገደ። የዚያን ቀን ግን ሃርቫርድ ሜዳውን ገፍቶ ገፍቶ ጎል ሳያገባ ቀረ። ዬል 6 ለ 0 አሸነፈ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በሃርቫርድ በኩል መሀል ላይ የተሰለፈው ዊሊያም ሄንሪ ሉዊስ ነው። በባርነት ተይዘው ከነበሩ ወላጆች የተወለደ ጥቁር ልጅ። በዚያው ዓመት በአገር አቀፉ ምርጥ አስራ አንድ ውስጥ ገባ፤ ለጥቁር ተጫዋች የመጀመሪያው ነበር። በኋላ ጠበቃ ሆኖ በ1911 የአሜሪካ ረዳት ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነ። «ኳስ ተጫዋች ምን ያውቃል» ለሚሉህ ሰዎች ከማኮርሚክ ይልቅ ሉዊስን ብትጠቅስላቸው ደስ ይለኛል። ማኮርሚክ በብረት ሥራና በባንክ የከበረ ቤተሰብ ልጅ ነው። መንገዱ ተጠርጎለታል። ሉዊስ ግን መንገዱን ራሱ ነው የቆረጠው።

አሁን ወደ ውሃው። በዚያው በ1892፣ እነዚህ ልጆች ለጨዋታ ሲዘጋጁ፣ ጀርመን ሃምቡርግ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ ከ8 ሺህ በላይ ሰው ገደለ። ሃምቡርግ የኤልብን ወንዝ ሳታጣራ ትጠጣ ነበር። ጎኗ ያለችው አልቶና ከዚያው ወንዝ፣ ያውም ከሃምቡርግ በታች፣ የሃምቡርግ ቆሻሻ ከተቀላቀለበት ቦታ ነበር የምትቀዳው። ግን በአሸዋ ታጣራለች። አልቶና በጣም ትንሽ ሰው ነው የሞተባት። በአንዳንድ መንገድ ላይ የከተሞቹ ድንበር መሀል ለመሀል ያልፋል፤ በአንዱ በኩል ሰው ይሞታል፣ በሌላው በኩል ሰው ደህና ነው። እኛ የውሃ ሰዎች ስንማር ይህን ካርታ ያላየ የለም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሙያዬን የመረጥኩ ያህል ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ «ማጣራት ቅንጦት ነው» የሚል ሰው የሚያቀርበው ክርክር አልነበረውም። የቀረው ገንዘብና ፈቃደኝነት ብቻ ነበር።

ሃሪስበርግን አስባት። በ1900 ሕዝቧ 50 ሺህ ያህል ነው። ሰስኳሃና የሚባል ሰፊ ወንዝ ጎኗን ይዞ ይፈሳል። ከላይ ያሉት ከተሞች ፍሳሻቸውን ወንዙ ውስጥ ይለቃሉ። የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫዎች ጥቁር ደለል ይለቁበታል። ከተማዋ ደግሞ ያንን ውሃ በፓምፕ ስባ በቀጥታ ወደ ቤት ትልካለች። የራሷም ፍሳሽ ከተማው ውስጥ በሚያልፈው በፓክስተን ጅረትና በወንዙ ዳር በግልጽ ይወርዳል። መንገዱ ጭቃ ነው። ታይፎይድ አይጠፋም። ይባስ ብሎ በ1897 የግዛቱ ምክር ቤት ሕንጻ ተቃጠለና «ዋና ከተማነቱ ወደ ፊላዴልፊያ ይዛወር» የሚል ወሬ ተነሳ። ይህ ፍርሃት ከታይፎይዱ በላይ ነጋዴዎቹን አስደነገጣቸው ብዬ ነው የማምነው። ሰው ለጤናው ካልነቃ ለኪሱ ይነቃል።

ነገሩን የለኮሰው ግን ነጋዴም ከንቲባም አይደለም። ማይራ ሎይድ ዶክ የምትባል ሴት ናት። የዕፅዋት ምሁር ነበረች። ዲሴምበር 20 ቀን 1900 የከተማው የንግድ ቦርድ ፊት ቆማ የፎቶ ስላይድ በብርሃን ግድግዳ ላይ እያሳየች ተናገረች። በአንድ በኩል የሌሎች ከተሞችን ያማረ የወንዝ ዳርቻ፣ በሌላ በኩል የራሳቸውን ወንዝ ዳር፣ ቆሻሻ የተከመረበትን። አስበው እስቲ፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች በየቀኑ የሚያልፉበት ቦታ ነው። በየቀኑ ያዩታል፣ ግን አይተውት አያውቁም። ጄ. ሆራስ ማክፋርላንድ የሚባል ማተሚያ ቤት ያለው ሰው ነገሩን ይዞ ዘመቻ አደረገው። ሬንደርስ የሚባል መሐንዲስ ደግሞ በጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ «እንዲሁ ከምንጨቃጨቅ 5,000 ዶላር አዋጥተን ባለሙያ እናስመጣ፣ ምን እንደሚያስፈልግ ባለሙያ ይንገረን» አለ። ገንዘቡ ተዋጣ። ሦስት ባለሙያ መጣ። አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለፓርክ፣ ሦስተኛው ጄምስ ፉዌርቴስ ለውሃና ለፍሳሽ።

ተመልከት፣ እስካሁን ማኮርሚክ ዋናው ሰው አይደለም። የከተማው ምክር ቤት አባልና ከደጋፊዎቹ አንዱ ነው። እቅዱ በሌሎች ተሠርቶ፣ በባለሙያ ተጠንቶ፣ ዋጋው ታውቆ ነው የቀረበው። በፌብሩዋሪ 1902 ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠየቀ፤ ከተማዋ 1.09 ሚሊዮን ዶላር ተበድራ ለውሃ ማጣሪያ፣ ለፍሳሽ መስመር፣ ለመንገድና ለፓርክ ታውል ወይስ አታውል? ብድሩ በሰፊ ልዩነት አለፈ። ማኮርሚክም ያንኑ እቅድ ይዞ ከንቲባ ሆነ። ማይራ ዶክ ሴት ስለሆነች በዚያ ቀን ድምፅ መስጠት አትችልም ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ የደከመችበትን ነገር ሌሎች ሲወስኑላት ከዳር ቆማ አየች። ይህን ሳነብ ሁሌም ልቤን ያመኛል።

እንግዲህ ማኮርሚክ ምን አደረገ? አሁን ያልኩህን ኳርተርባክ አስታውስ። ኳሷን ራሱ ይዞ አልሮጠም። ከተማዋ የሕዝብ ሥራዎች ቦርድ አቋቁማ የብድሩን ገንዘብ ለዚያ ቦርድ ሰጠች፤ መሐንዲሶቹ የባለሙያዎቹን ጥናት ይዘው ሠሩ። ከንቲባው ቀመሩን አያውቅም፣ እንደሚያውቅም አላስመሰለም። የሱ ሥራ ገንዘቡ ለታሰበለት ነገር ብቻ እንዲውል፣ የየሰፈሩ ፖለቲከኛ እየመጣ «ይህን ቧንቧ በኛ በኩል፣ ያንን ኮንትራት ለኔ ሰው» እያለ እንዳይቦጫጭቀው ማድረግ ነበር። ትንሽ ሥራ ይመስላል። በሙያዬ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ከዚህ የከበደ ሥራ አላየሁም። ጎበዝ መሐንዲስ ሞልቷል። መሐንዲሱን ከጀርባው የሚጠብቅለት ሰው ነው የሚጠፋው።

ማጣሪያው የተሠራው ወንዙ መሀል ባለች ደሴት ላይ ነው፤ ያኔ ሃርጀስት ደሴት፣ ዛሬ ሲቲ አይላንድ ትባላለች። ሥራ የጀመረው በ1905 ነው፣ ማኮርሚክ ሥልጣን በለቀቀበት ዓመት። እዚህ ጋ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልዘግይ፣ ለአንተም ይጠቅምሃል።

አልቶናን ያዳነው ዘገምተኛው የአሸዋ ማጣሪያ ነው። ውሃው በአሸዋው ውስጥ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው የሚወርደው። አሸዋው ላይ ሕይወት ያለው ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ጀርሙን የሚይዘው በዋናነት እሱ ነው። በጣም ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሰፊ መሬት ይፈልጋል፣ ጭቃ የበዛበት ውሃ ሲገባበት ደግሞ ቶሎ ይደፈናል። የአሜሪካ ወንዞች ጭቃ ናቸው። ጆርጅ ፉለር የሚባል ባለሙያ በ1890ዎቹ አጋማሽ ሉዊቪል ላይ ለዚህ መፍትሔ ፈተሸ። መጀመሪያ ውሃው ውስጥ አልሙኒየም ሰልፌት፣ እኛ አልም የምንለውን፣ ጨምር። ደለሉ ተያይዞ ይተልቅ። አዝቅጠው። ከዚያ በኋላ አሸዋ ላይ ልቀቀው። እንዲህ ከሆነ ውሃው በሰዓት 5 ሜትር ያህል ሊወርድ ይችላል። ለትልቅ ሜዳ የሚያስፈልገው ሥራ በአንዲት ደሴት ጥግ ላይ ይገባል ማለት ነው። አሸዋው ሲደፈን ውሃ ከታች ወደ ላይ ተለቅቆ ይታጠባል። የሰስኳሃናን ጥቁር ደለል የቻለው ይህ ዓይነቱ ነው። ለገዳዲም የሚሠራው በዚሁ ቤተሰብ ዘዴ ነው፤ የእናንተም ከተማ የወንዝ ወይም የግድብ ውሃ የምትጠጣ ከሆነ ምናልባት እንደዚሁ ነው።

አልሙ ሲሠራ ማየት ከፈለግህ ማጣሪያ ጣቢያው ላብራቶሪ ገብተህ ጃር ቴስት አሳዩኝ በል። ስድስት ብርጭቆ ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሊትር ጥሬ ውሃ፣ እያንዳንዱ ላይ የሚሽከረከር መቅዘፊያ። መጀመሪያ ስድስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ የክረምት ጎርፍ የመሰለ ሻይ በወተት ቀለም። የአልሙ መጠን ከአንዱ ወደ ሌላው እየጨመረ ይገባል። መቅዘፊያው በፍጥነት ያማታዋል፣ ከዚያ ቀስ ይላል። አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ። አንደኛው ብርጭቆ ውስጥ ምንም የለም። ሦስተኛው ውስጥ ነጠብጣብ ይታያል። አራተኛው ውስጥ ነጠብጣቡ ጥጥ የተባዘተ መስሎ ይንሳፈፋል፤ መቅዘፊያው ሲቆም ያ ጥጥ እያረፈ እያረፈ ይወርድና ከላይ ያለው ውሃ ይጠራል፣ በብርጭቆው ውስጥ ከወዲያ ማዶ ያለ ጽሑፍ ታነባለህ። ስድስተኛው ውስጥ አልሙ በዝቶ መልሶ ደፍርሷል። ሽፈራው ዘር ወቅጠው ውሃ የሚያጠሩ እናቶች የሚያውቁት ነገር ነው፣ አሠራሩ ይቀራረባል። እኔ ይህን ሙከራ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ እስካሁን አራተኛው ብርጭቆ ሲጠራ ደስ ይለኛል።

ልብ በል፣ ያኔ ክሎሪን አልነበረም። በአሜሪካ የከተማን ውሃ በቋሚነት በክሎሪን ማከም የተጀመረው በ1908 ለጀርሲ ሲቲ ነው። ሃሪስበርግ በ1905 የተማመነችው በአልምና በአሸዋ ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ ታይፎይዱ ቀነሰ።

ፍሳሹ ሌላ ታሪክ አለው። ሃሪስበርግ ስሄድ ወንዙ ዳር ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ረጅም የኮንክሪት ደረጃ ነው፣ ከተማውን ተከትሎ ወንዙን ይዞ ይሄዳል። በበጋ ዓሣ የሚያጠምድ አለ፣ ልጆች እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ይጫወታሉ፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ከሥራቸው ግን ወደ ወንዙ ይወርድ የነበረውን ፍሳሽ ሰብስቦ የሚወስድ ትልቅ መስመር አለ። ደረጃውና የእግረኛ መንገዱ የእሱ ክዳንና መከላከያ ነው። ይህ ከማኮርሚክ ዘመን በኋላ በቀጠለው ሥራ ነው የተጠናቀቀው። አንድ ኮንክሪት የወንዙን ዳር ከመሸርሸር ይጠብቃል፣ ፍሳሽ ይሸፍናል፣ ሰው ያስቀምጣል። የእኛ ሙያ ሲሳካ እንዲህ ነው፣ ሰው ይቀመጥበታል እንጂ አያየውም። ግን ዝናብ ሲያይል ሽታው ይመጣል፤ ምክንያቱም የድሮው መስመር የዝናቡንም የሽንት ቤቱንም ውሃ አንድ ላይ ይዞ ስለሚሄድ ሲሞላ ወደ ወንዝ ይተፋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ከተማዋ በሱ ገንዘብ እያወጣች ነው። ያኔ በርካሽ የተወሰነ ነገር ነው፣ በዚያን ዘመን ብዙ ከተማ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። አንተ የምትወስነው ቧንቧም እንደዚሁ የልጅ ልጆችህን የሚጠብቅ መሆኑን አትርሳ።

ማኮርሚክን ቅዱስ አድርጌ እንዳላቀርብልህ ሌላውንም ልንገርህ። ዬልን ከጨረሰ በኋላ በ1894 የካርላይል ትምህርት ቤት ቡድን የመጀመሪያ አሠልጣኝ ነበር። ካርላይል ከሃሪስበርግ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች ከቤተሰባቸው ተወስደው፣ ፀጉራቸው ተቆርጦ፣ ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ተከልክለው የሚኖሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያው የሞቱ ልጆች መቃብር ዛሬም አለ። በኋላ ያ ቡድን አገር ጉድ ያሰኘ ቡድን ሆነ፣ ጎበዞቹ ግን ልጆቹ ናቸው። ከተማዋ የማማሯ ነገርም ለሁሉም እኩል አልነበረም። እሱ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ፣ በ1910ዎቹ፣ ከምክር ቤቱ ሕንጻ ጀርባ የነበረው ስምንተኛው ቀበሌ፣ ጥቁሮችና መጤዎች ተጠጋግተው የሚኖሩበት ሰፈር፣ ለምክር ቤቱ ግቢ ማስፋፊያ ተብሎ ፈረሰ። ያ የግዛቱ መንግሥት ሥራ ነው፣ የከንቲባው አይደለም። ነገር ግን «ከተማ ማስዋብ» የሚለው ቃል ለማን ሲባል ማንን እንደሚያነሳ የሚያሳይ ነው፣ አዲስ አበባንም ላየ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም።

የቀረው ሕይወቱ በአጭሩ፦ በ1914 ለግዛቱ አገረ ገዥነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ1916 የዴሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ሊቀመንበር ሆኖ የዉድሮ ዊልሰንን ዳግም ምርጫ መራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦርነቱን ጊዜ ንግድ የሚቆጣጠር ቦርድ ሊቀመንበር ነበር፣ ከዚያም በፓሪሱ የሰላም ድርድር ላይ ነበረ። በ1946 አረፈ። የዚያ ጨዋታ ሌላኛው አምበል ትራፎርድም ለዓመታት በስልክ ኩባንያ ሠርቶ በኋላ ቦስተን ውስጥ የባንክ ሰው ሆነ። የሁለቱ አምበሎች ነገር ይገርመኛል፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ስልክ። ግን ይህን የኳስ ተአምር አድርገህ አትውሰደው። ያኔ ዬልና ሃርቫርድ የሚገባው የሀብታም ልጅ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ከተማና ኩባንያ መምራት የተለመደ ነበር።

ስለዚህ «ኳሱ ምን ጠቀመው?» ብትለኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው በሙሉ ልብ የምለው። ሌላው ሰው በደንብ የሚሠራውን ሥራ ለሌላው ሰው መተው ለምዷል። አንተም ከተጫወትክበት ቦታ ይህን ታውቀዋለህ። ተከላካይ ሆነህ ግብ ጠባቂው የሚያየውን እንደማታይ ታውቃለህ፣ ድምፁን ትሰማለህ።

አሁን ወደ አንተ። ቦርዱ ውስጥ መሐንዲስ ለመምሰል አትሞክር። ታሪፍ ሲጸድቅ፣ ሥራ አስኪያጁ ሲገመገም፣ በጀት ሲከፈል እጅህን የምታወጣው አንተ ነህ፤ ስለዚህ ማወቅ ያለብህ ቀመሩን ሳይሆን ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ኦፕሬተሩን ተዋወቀው። ሥራ አስኪያጁን አይደለም፣ ሌሊት ፓምፑ ጋ የሚያድረውን። አልም ለስንት ቀን እንደቀረው፣ ክረምት ሲገባ ምን ያህል እንደሚጨምር፣ ከመጋዘን ሲያልቅ ምን እንደሚያደርግ ጠይቀው። የማጣሪያው አሸዋ መጨረሻ መቼ እንደተቀየረም። መልሱን ሲነግርህ ፊቱን እያየህ ስማ፣ ብዙ ዓመት ማንም ጠይቆት ላያውቅ ይችላል።

ከዚያ ሁለት ቁጥር ጠይቅ፤ ባለፈው ወር ስንት ሜትር ኪዩብ ተመረተ፣ ስንቱ በቆጣሪ ተነቦ ተከፈለበት? ልዩነቱ የት እንደገባ ማንም በትክክል ካልነገረህ የቦርዱ የመጀመሪያ ሥራ እሱ ነው። አዲስ ጉድጓድ ይቆፈር የሚል ሐሳብ ከመምጣቱ በፊት እሱ ይቅደም። ከመሬት በታች የሚፈስ ውሃ ተመርቶ፣ ተጣርቶ፣ በመብራት ተገፍቶ የጠፋ ገንዘብ ነው። የተቆራረጠ ግፊት ባለበት መስመር ደግሞ ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ውሃው ሲጠፋ ቆሻሻ የሚገባበት ቀዳዳ ነው።

ሦስተኛው ራስህ የምትሠራው ነው። ክሎሪን መለኪያ ትንሽ ኪት አለ፣ ጣቢያው ጋ አይጠፋም። ትውሰው። ከማጣሪያው በጣም የራቀው ሰፈር ሂድ፣ መስመሩ የሚያልቅበት፣ ብዙ ጊዜ ድሃው ሰፈር ነው። ቧንቧ ካላቸው ቤት ግባ፣ ሰላም በል፣ ውሃውን ለጥቂት ደቂቃ አፍስሰውና (ባልዲ ደቅን፣ ውሃ አይደፋም) ትንሿን ብልቃጥ ሙላ። እንክብሏን ጣል፣ ነቅንቅ። ሮዝ ከሆነ ክሎሪን አለ፤ ቀለሙን ከኪቱ መለኪያ ጋር አስተያየው፣ በሊትር 0.2 ሚሊግራም እንኳ ከደረሰ ጥሩ ነው። ቀለም ሳያወጣ ከቀረ፣ ያ ውሃ እቤት ሲደርስ ጠባቂ የለውም ማለት ነው። የቤቱን ሰው፣ በተለይ እናትየውን፣ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ልጆቹ ሆዳቸውን እንደሚያማቸው ጠይቅ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሰፈሩን፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፍ። በየሳምንቱ አንድ ሰፈር። ሁለት ወር ስትሠራው ስምንት ሰፈር ይኖርሃል፣ ማይራ ዶክ ስላይዷን ይዛ እንደገባችው አንተም ደብተርህን ይዘህ ስብሰባ ትገባለህ።

የጃር ቴስቱንና የክሎሪኑን ቁጥር ይዘህ ከመጣህ አብረን እናየዋለን። የጥሬ ውሃው ምንጭ ወንዝ፣ ግድብ ወይስ ጉድጓድ መሆኑንም ጻፍልኝ፤ ጉድጓድ ከሆነ የአልሙን ነገር ተወውና ስለ ፍሎራይድና ስለ ብረት ነው የምናወራው፣ በተለይ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሆናችሁ።